ቤት ለማደስ በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛ የብሎን ማሰሪያ፦ የትኛው ያዋጣል?

የኮንዶሚኒየም ቤት ለማደስ የተነሣ ሰው ገንዘቡን የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ በሴራሚክ፣ በቀለምና በኪችን ካቢኔት ነው። ይሁን እንጂ የጂፕሰም ኮርኒሱንም፣ የቁም ሳጥኑን ማጠፊያዎችም፣ የመጋረጃውን ዘንግም በቦታቸው የሚያቆያቸው ብሎን ነው፤ ያንን ሁሉ ብሎን በካቻቪቴ ማሰር ደግሞ እጅን ከማድከሙም በላይ ሥራውን ያጎሳቁላል። በመርካቶ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት ርካሽ መሣሪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ በባትሪ የሚሠራ ድሪል፣ እየተሽከረከረ በውስጡ የሚመታው «ኢምፓክት»፣ እንዲሁም ጂፕሰም ሠሪዎች የሚይዙት ባለ ገመድ ፈጣን ማሰሪያ። የመጨረሻው ዕለት ዕለት ኮርኒስ ለሚሠራ ባለሙያ እንጂ አንድ ቤት ለሚያድስ ሰው አይመከርም። ለእንዲህ ያለው ሰው የእኔ ምርጫ ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 12 ቮልት ድሪል ነው።

ሻጮች ብዙ ጊዜ ኢምፓክቱን የሚያስቀድሙት ኃይሉ ስለሚበልጥ ነው፤ ኃይሉም እውነተኛ ነው። ረጅም ብሎን ወደ ወፍራም እንጨት ለማስገባት ወይም ቆርቆሮን ከቱቦላሬ ጋር ለማሰር ከኢምፓክት የተሻለ የለም። የቤት ውስጥ ሥራ ግን ኃይል ሳይሆን ልክ ይፈልጋል። 12.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጂፕሰም ቦርድ በ25 ሚሊሜትር ብሎን ሲታሰር፣ የብሎኑ ራስ ከቦርዱ ገጽ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ፣ ወረቀቱን ሳይቀድ መቆም አለበት፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑን የሚይዘው ፍርክስክስ የሚለው ጂፕሰም ብቻ ስለሚሆን ቦርዱ ውሎ አድሮ ይላላል። በቺፕቦርድ ላይ የሚታሰር የማጠፊያ ብሎንም እንዲሁ አንድ ዙር ካለፈ ቀዳዳው ይሰፋና ዳግመኛ አይይዝም። ድሪሉ በአፉ ዙሪያ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ስላለው፣ ቀለበቱ በተገቢው ቁጥር ላይ ከተደረገ ብሎኑ ቦታው ሲደርስ ማሽኑ ድምፅ አሰምቶ ራሱ ይለቃል። በርካሾቹ ኢምፓክቶች ላይ ይህ ቀለበት የለም፤ መግቻው የሠራተኛው ጣት ብቻ ነው። ጩኸታቸውም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ጆሮ መከላከያ የሚቻል አይደለም፤ ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤትም ሊታሰብለት ይገባል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የመጠምዘዣ ኃይል በተመለከተ፣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ጠንካራ ነገር ላይ የሚገኘውን ከፍተኛ ልክ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። የጃፓኑ አምራች ማኪታ ዲኤፍ333 የተባለውን ባለ 12 ቮልት ድሪሉን 30 ኒውተን ሜትር ሲል፣ ለስላሳ ነገር ላይ ግን 14 ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል፤ 14ቱም ለካቢኔትና ለኮርኒስ ብሎን ከበቂ በላይ ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያለው እንደ ኢንግኮና ቶታል ያሉት የቻይና ምርቶችም ባለ 12 እና ባለ 20 ቮልት ድሪሎች አሏቸው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ባትሪው ላይ ነው። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ባለ 12 የሚባለው ሦስት፣ ባለ 20 የሚባለው ደግሞ አምስት ተከታታይ ሴሎች ያሉት ነው (12 እና 20 የሚባለው ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲለካ ነው)፤ ስለዚህ «18» እና «20» ተብለው የሚሸጡት በተግባር አንድ ናቸው። አንዳንድ ስም የለሽ ካርቶኖች ላይ «98 ቪኤፍ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ እውነተኛ ቮልት ቢሆን ኖሮ ባትሪው ሃያ ሰባት ያህል ሴሎች ያስፈልጉት ነበር፤ የአንዱ የተለመደ ሴል ክብደት 45 ግራም አካባቢ በመሆኑ ሴሎቹ ብቻ ከ1.2 ኪሎ ይበልጡ ነበር። ባትሪውን ነቅሎ በመዳፍ መመዘን እውነቱን ለመለየት ይበቃል። ቻርጀሩም ይታይ፦ 2 አምፒር የሚያወጣ ቻርጀር ባለ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪን በአንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ፣ ግማሽ አምፒር የሚያወጣው ግን ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ልዩነት ሠራተኛው ቁጭ ብሎ የሚውልበትን ወይም ሥራው የሚቀጥልበትን ቀን ይወስናል፤ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል ማለቴም በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪው ወደፊት ለብቻው ተገዝቶ የማይገኝ ከሆነ ድሪሉ የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል።

ከመክፈል በፊት ድሪሉ በመደብሩ ውስጥ ይሞከር። ቀጭን ፑንታ አስገብቶ ቀስ ብሎ ሲያዞሩት ጫፉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አፉ ጠማማ ነው። የማስነሻ ቁልፉ በጣት ግፊት ልክ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ ሲለቀቅም ወዲያው ማቆም አለበት። ሻጩን ቁራጭ እንጨት ጠይቆ ቀለበቱን 1 ላይ አድርጎ አንድ ብሎን ማሰር መልካም ነው፤ በዚህ ቁጥር ላይ ሳይለቅ የሚቀጥል ማሽን ጂፕሰም ላይ አያስተማምንም።

ብዙ ብሎን የሚበላሸው በድሪሉ ሳይሆን በቢቱ፣ ማለትም ድሪሉ አፍ ላይ ገብቶ የብሎኑን ራስ በሚያዞረው ጫፍ ነው። የጂፕሰም ብሎን በአብዛኛው ፒኤች2 ቢት ሲፈልግ፣ በመስቀሉ ክንፎች መካከል ቀጫጭን ጭረት ያለበት የካቢኔት ብሎን ግን ፒዜድ2 ይፈልጋል፤ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ሲቀያየሩ ቢቱ እየዘለለ የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። ለኮርኒስ ደግሞ ጥልቀት የሚገታ አንገት ያለውን የጂፕሰም ቢት መጨመር ከቀለበቱ የበለጠ እኩልነት ያስገኛል፤ ዋጋውም ከድሪሉ አንጻር ጥቂት ነው።

ባለ 12 ቮልቱ ግድግዳ ላይ አቅም እንደሚያንሰው መታወቅ አለበት። ብሎኬት ላይ ለፊሸር የሚሆን ቀዳዳ የሚበሳው የመምታት ጠባይ ያለው ድሪል («ሐመር» የሚባለው እንጂ ኢምፓክቱ አይደለም) ነው፤ የኮንክሪት ኮለን ላይ ግን ርካሹ ባለ 20ም ይቸገራል። ለዚያ ሥራ ኤስዲኤስ የሚባል፣ ፑንታው ተገፍቶ የሚቆለፍበት አፍ ያለውን፣ በ220 ቮልት የሚሠራውን ትልቅ መሰርሰሪያ ለአንድ ቀን ተከራይቶ፣ በቤቱ ውስጥ የሚያስፈልጉትን ቀዳዳዎች ሁሉ አስቀድሞ በእርሳስ ምልክት አድርጎ በአንድ ጊዜ መጨረስ ከመግዛት ይረክሳል።