ጄንባንክ የደሴትና የየብስ እንሽላሊቶችን ዝምድና ለሚያጠና ሰው

አንድ የደሴት እንሽላሊት ከየትኛው የብስ እንደ ፈለሰ፣ ወይም በየብስ የተገኘ እንግዳ እንሽላሊት ከየትኛው ደሴት እንደ መጣ ማወቅ ለሚሻ ሰው፣ ከጄንባንክ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ይህ የዲኤንኤ መረጃ ቋት ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ከአውሮፓና ከጃፓን አቻዎቹ ጋር በየዕለቱ መረጃ ይለዋወጣል፤ ለመጠቀምም ክፍያ የለበትም።

አንድ መዝገብ ሲከፈት የዝርያው ስም፣ መለያ ቁጥሩና የናሙናው ምንጭ ይቀድማሉ፤ ከግርጌው የዲኤንኤው ፊደላት በየመስመሩ 60፣ እነርሱም በአሥር በአሥር ተከፍለው ይደረደራሉ። ብላስት የተሰኘው መፈለጊያ የተጠቃሚውን ናሙና ከእነዚህ ጋር እያስተያየ የቅርብ አምሳያዎቹን ያወጣል።

እንዲህ ያለ ንጽጽር ምን ያህል እንደሚያስተምር ቡናማው አኖል ምስክር ነው። ይህ የኩባና የባሃማስ ተወላጅ እንሽላሊት በሰው እጅ ፍሎሪዳ ገብቶ ተስፋፍቷል። በ2004 የታተመ የሚቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ ጥናት፣ ዝርያው ፍሎሪዳ የገባው ቢያንስ ስምንት ጊዜ መሆኑን፣ በትውልድ ስፍራቸው ተራርቀው የኖሩ የዘር ሐረጎችም እዚያ በመቀላቀላቸው የመጤዎቹ ዘረመላዊ ብዝኃነት ከነባሮቹ እንደሚልቅ አሳየ። መጤ ሁልጊዜ በዘረመል ድሃ ነው ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

እንደ እኔ አመለካከት ዋናው ጉድለት የቦታ መረጃው ነው። ብዙ የቆዩ መዝገቦች የአገሩን ስም ብቻ ይይዛሉ፤ የምሥራቁና የምዕራቡ እንሽላሊት በዘር በሚለያይበት ደሴት ላይ ደግሞ «ኩባ» የሚል ቃል ብቻውን መነሻን አያሳይም። ከዚህም በላይ ብላስት የሚያወዳድረው ከተመዘገቡት ጋር ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛው መነሻ ናሙና ካልተወሰደበት፣ በአንደኛነት የሚወጣው መዝገብ የሩቅ ዘመድ ሆኖ ሳለ የቅርብ ሊመስል ይችላል። ሚቶኮንድሪያም የሚወረሰው ከእናት በኩል በመሆኑ፣ የደሴቱ ወንድ ከየብሱ ሴት ጋር ቢዳቀል ልጆቹ በዚህ መለኪያ ፍጹም የየብስ ሆነው ይታያሉ።

ስለዚህ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት የምመክረው፣ የብላስትን ዝርዝር እንደ ውሳኔ ሳይወስድ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎቹን አውርዶ የዘር ሐረግ ለሚሠራ፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱትን የኒውክሊየስ (የሕዋስ አስኳል) ጂኖችንም ለሚጨምር ተመራማሪ ነው።