ሎጎ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባሕር ዳር ውስጥ ሎጎ ለማሠራት ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ የተመሰገኑ ይመስላቸዋል። ደግሞም ታውቋቸዋላችሁ፤ ደጃፋቸው ላይ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ማኅተም፣ ቲሸርት፣ ሎጎ የሚል ተደርድሯል። ቀብድ እስክትሰጡ «ወንድሜ» ናችሁ። ከሰጣችሁ በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲዛይነሩ ለቅሶ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ደርሶብናል፤ እሱን አልቆጥረውም። ደሜን ያፈላው ፋይሉን የተረከብንበት ቀን ነው።

እኛ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም የምንጽፍ ልጆች ነን። አብዛኞቻችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የተማርን ነን፤ ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላም በስልክ የሚሳተፉም አሉ። ጀማሪ እናስተምራለን፣ አንዳችን ሲቸገር ሌላው ያግዛል። ቲሸርት ለማሳተም ስናስብ ሎጎ አስፈለገን።

የፓይተንን አርማ፣ ሁለቱን እባቦች፣ እንዳሉ እንውሰድ ያለ ነበር። ግን አርማው የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የንግድ ምልክት ነው፤ እንዳሻችሁ ቆራርጣችሁ የራሳችሁ የምታደርጉት አይደለም። ሌላው ምክንያት ይብሳል፤ እባብ ነው! የቋንቋው ስም የመጣው ከእንግሊዞች የቴሌቪዥን ቀልድ እንጂ ከእባብ አይደለም ብንልም የሚሰማ አልተገኘም። አንዱ ልጅ «ደረቴ ላይ እባብ ለጥፌ ቤት ብገባ እናቴ ጸበል ሳታስረጨኝ አታድርም» አለ። ሳቅን። ግን የሁላችንም እናት እንደዚያው ናት።

ሌሎቹ ቋንቋዎች እንዴት ታድለዋል! ፒኤችፒ ዝሆን አለው። ጃቫ ጭራሽ የሚጨስ ቡና በስኒ ይዟል፤ የቡና አገር ሰዎች እኛ ሆነን። የጎ ቋንቋን ምልክት፣ ጎፈር የሚባለውን አይጥ መሰል እንስሳ፣ የሣለችው ሬኔ ፍሬንች ናት፤ ስሟን እስከጠቀሳችሁ ድረስ የፈለጋችሁትን ልብስ ብታለብሱት ማንም አይናገራችሁም። «ለምን ወደ ጎ አንዞርም?» ያለ ሁሉ ነበር።

ሃስኬል የሚባለው ቋንቋ ሰዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ሎጎአቸውን በድምፅ መርጠዋልና እኛም ድምፅ ሰጠን። ጢስ ዓባይ ወደቀ፤ የታሸገ ውኃ ያስመስለናል ተባለ። የደንገል ታንኳ አሸነፈ። ትእዛዙን በጽሑፍ ሰጠን። ታንኳ፣ ሁለት ቀለም፣ በ16 በ16 ፒክስል እንኳ የሚለይ፣ የምንረከበው ፋይል ኤስቪጂ (በመስመር ትእዛዝ የሚሣል ምስል)፣ እባብ የሌለበት። «እባብ የሌለበት» የሚለውን ከሥሩ አስምረንበታል። በ6 ሺህ ብር ተስማምተን ግማሹን ከፈልን። ብሩ ከእያንዳንዳችን ኪስ የተዋጣ ነው፤ ገና ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሳይቀሩ አዋጥተዋል።

በስንት ጭቅጭቅ ናሙናው በቴሌግራም መጣ። ትንሽ ምስል ነው። መሐል ላይ ታንኳ፣ ከሥሩ አረንጓዴና ቢጫ ማዕበል። እውነቱን ለመናገር ማዕበሉን ወደድነው።

ልንረከብ ስንሄድ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «ቀሪው ሳይገባ ፋይል አይወጣም» አለች። በቴሌብር ላክን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ይጨመራል» ተባልን። ይሄንንም ታውቁታላችሁ። ፍላሹን ተቀብለን እዚያው ባንኮኒው ላይ ላፕቶፓችንን ከፈትንና ምስሉን አጎላነው።

መጀመሪያ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሆነ። ኤስቪጂ እኮ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት አይሰባበርም። ከዚያ ታንኳው። ደንገል የለውም፣ አፍንጫው ወደ ላይ አልቀናም፣ ግራና ቀኝ መቅዘፊያ የተሰካበት የፈረንጅ የእንጨት ጀልባ ነው። ጣና እኮ ከሱቁ የእግር መንገድ ነው! ወጣ ብሎ ማየት አቃተው? የባሰው ደግሞ በስተቀኝ ከታች፣ ቢጫው ማዕበል ላይ ነበር። ነጭ ክብ ነጥብ። አንዷ ልጅ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ማዕበል ዓይን አለው እንዴ?» አለች።

ዓይን ነው። የእባቡ ዓይን። ሰውዬው የፓይተንን አርማ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ቀብቶ፣ መሐሉ ላይ ጀልባ ደፍቶበታል። የላይኛውን እባብ ዓይን ጀልባው ሸፈነለት፤ የታችኛውን ግን ማጥፋቱን ረሳው።

ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፈትነው። ኤስቪጂ ሲከፈት የመስመርና የቀለም ትእዛዝ ነው የሚነበበው። የእኛው ውስጥ ያለው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ማለቂያ የሌለው የቤዝ 64፣ ማለትም ምስልን በፊደልና በቁጥር የሚጽፍ፣ ኮተት። ሲያጎሉት የሚሰባበረውን የፒኤንጂ ምስል እንዳለ ኤስቪጂ ውስጥ ወትፎታል። የሸጠው ኮድ ለሚጽፉ ሰዎች መሆኑን እንኳ አላሰበበትም።

ዲዛይነሩን አስጠራነው። ኢርፎኑን ከአንድ ጆሮው ብቻ አወጣ። ዓይኑን አሳየነው። «እና? ይሄን አጉልቶ የሚያይ ማነው?» አለ። እባብ የሌለበት ብለን ጽፈን የለም ወይ አልነው። «ጀልባ ጠየቃችሁ፣ ጀልባ ሠራሁ» ብሎ ኢርፎኑን መለሰ። ባለቤቱን «ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልን» አልን። ከወንበሩ ሳይነሣ «ልጆች፣ ለቲሸርት ነው ያላችሁት፤ ለቲሸርት ይሄ በቂ ነው። ሶርስ ፋይል ከፈለጋችሁ ሌላ ሂሳብ ነው» አለን። ጸሐፊዋ ሳቀች። የሰው ብር ይዞ የሚሳቀው እንዲህ ነው!

ንግድ ቢሮ ክሰሱ የምትሉ አላችሁ። በየትኛው ደረሰኝ?

ለማንኛውም ቀሪውን ሳትከፍሉ ፋይሉን እዚያው አስከፍቱና እስኪሰባበር አጉሉት። ደረሰኝ በ15 በመቶ ቢወደድም ይሻላል። ታንኳ አይቶ የሚያውቅ፣ ኢሉስትሬተር በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን፤ ደብረ ማርቆስም ቢሆን እንሄዳለን። ቀብድ ግን የለም።