«ሙሉ ይዘቱ ተከፍቷል፣ ኦንላይን ያጫውታል» ተብሎ የሚሸጠውን ድራጎን ክዌስት 9 ከመግዛታችሁ በፊት

ድራጎን ክዌስት 9 የተባለውን፣ በእጅ በሚያዘው የኒንቴንዶ ዲኤስ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ጌም ከወጣበት ጊዜ አንስቶ የምጫወትና ላገኘሁት ሁሉ የማሞግስ ሰው ነኝ። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ጌሙን ለማጣጣል ሳይሆን፣ ያገለገሉ ካርትሪጆቹ (ጌሙ ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች) የሚሸጡበት መንገድ ዓይን ያወጣ ማታለል እየሆነ በመምጣቱ ነው። ሻጮች ከተለመደው ዋጋ በላይ የሚጠይቁበት ነገር፣ ገንዘቡ ቢከፈልም እንኳ ከእነርሱ እጅ ወደ ገዢው ሊተላለፍ የማይችል ነው።

በቅርቡ ያየሁት አንድ ማስታወቂያ ለማሳያ ይበቃል። «ከጓደኞችዎ ጋር ኦንላይን ይጫወቱ፤ 184ቱም ተልእኮዎች ተከፍተዋል፤ ብርቅዬ ካርታዎች አሉበት፤ ዳግም አይገኝም» ይላል። ከጽሑፉ ሥር የተለጠፉት ፎቶዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ የሳጥኑን ሽፋን፣ ሌላው የካርትሪጁን ስቲከር ከሩቅ ያሳያሉ። የተልእኮዎቹ ዝርዝር የሚታይበት ስክሪን አልተነሣም፤ የካርትሪጁ ጀርባም እንዲሁ። ዋጋው ግን ሌሎች ሻጮች ከሚጠይቁት ሦስት እጥፍ ነው። ዝርዝሩ እንዲላክልኝ ብጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ሁሉም ይሠራል፣ አይጨነቁ» የሚል ብቻ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ኦንላይን ስለሚባለው ነገር። ይህ ጌም በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ ሰው ጋር አብሮ የመጫወት አገልግሎት በዘመኑም ቢሆን አልነበረውም። በጃፓን እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2009፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ልክ በዓመቱ ጁላይ 11 ቀን 2010 ሲወጣ የነበረው የጋራ ጨዋታ በዲኤሱ ገመድ አልባ ሞገድ ብቻ የሚካሄድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ቢበዛ አራት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሣሪያና የየራሳቸውን ካርትሪጅ ይዘው መገኘት አለባቸው። አንድ ካርትሪጅ ገዝቶ ለጓደኛ መሣሪያ በአየር ማጋራት እንደሚቻልባቸው አንዳንድ የዲኤስ ጌሞች አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሰው አብሮ ለመጫወት ካሰበ ወጪውን በሁለት ካርትሪጅ ማስላት ይኖርበታል፤ ይህን የሚናገር ሻጭ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

የጋራ ጨዋታው አሠራርም ቢሆን ብዙ አዲስ ገዢዎች እንደሚያስቡት አይደለም። አንዱ ተጫዋች አስተናጋጅ ይሆንና ሌሎቹ በእርሱ ዓለም ውስጥ ይገባሉ። ገቢዎቹ ከአስተናጋጁ ጎን ሳይለዩ መሄድ ወይም ተነጥለው ሌላ አገር ማሰስ ይችላሉ፤ በውጊያ የሚያገኙት ልምድ፣ ገንዘብና ዕቃም የራሳቸው ሆኖ ይቀራል። ታሪኩ ወደፊት የሚራመደው ግን ለአስተናጋጁ ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለት ጓደኛሞች ጌሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አብረን እንጨርሰዋለን» ብለው ከተነሡ፣ አንድን ምዕራፍ በሁለት ዓለም ሁለት ጊዜ መጫወት ግድ ይሆንባቸዋል። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው አላውቅም፤ ደረጃው ከፍ ያለ ተጫዋች ጀማሪውን እየጠበቀ ሲጓዝ የሚፈጠረው ጨዋታ ራሱን የቻለ ደስታ አለው። ሆኖም ዘመናዊ የኦንላይን ጌም የለመደ ሰው ይህን ሳያውቅ ከገዛ ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

«ኦንላይን» የሚለው ወሬ የመጣው ጌሙ በኢንተርኔት ያገኝ ከነበረው ሌላ አገልግሎት ነው። ስቶርንዌይ በተባለችው ከተማ ካለው ማደሪያ ቤት ሆኖ ተጫዋቹ በኒንቴንዶ የዋይፋይ አገልግሎት በኩል ዲኪውቪሲ የሚባለውን ሱቅ ይከፍት ነበር፤ ሱቁ ዕቃዎቹን ይቀያይራል፣ ከቀድሞዎቹ የድራጎን ክዌስት ጌሞች የመጡ እንግዶችም በዚያው መንገድ ወደ ማደሪያው ይገቡ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ121ኛው እስከ 184ኛው ያሉት ተልእኮዎች በየሳምንቱ የሚለቀቁት በዚሁ አገልግሎት ነበር፤ ከዋናው ታሪክ ፍጻሜ በኋላ የሚቀጥለው የታሪክ ክፍልም ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። ኒንቴንዶ አገልግሎቱን ሜይ 20 ቀን 2014 ዊ ለተባለው መሣሪያውም ለዲኤስም ዘጋው። ከዚያ ዕለት ወዲህ አዲስ ተጫዋች በኩባንያው መንገድ ሊያገኝ የሚችለው የመጀመሪያዎቹን 120 ተልእኮዎች ብቻ ነው። አንዳንድ ሻጮች «አገልግሎቱ እስከ 2024 ድረስ ነበር» ሲሉ ይሰማሉ፤ በኤፕሪል 2024 የተዘጋው ከዲኤስና ከዊ በኋላ የመጡት የስሪዲኤስና የዊ ዩ መሣሪያዎች ኦንላይን ሲሆን ከዚህ ጌም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በጎ ፈቃደኞች ለአንዳንድ የዲኤስ ጌሞች ምትክ ሰርቨር ማቆማቸው እውነት ነው፤ መሣሪያው የትኛውን ሰርቨር እንደሚያገኝ የሚወስነውን የዲኤንኤስ ቁጥር በመቀየር ወደ እነርሱ መገናኘት ይቻላል። ይህ ግን በነጻ የሚሰጥ፣ ማንም ዋስትና የማይገባለት፣ ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው፤ ሻጩ የእርሱ ሥራ አስመስሎ ዋጋ ሊጨምርበት አይገባም። በዚያ ላይ የዲኤስ ጌሞች በዋይፋይ የሚገናኙት ምንም የይለፍ ቃል በሌለው ወይም ዌፕ በሚባለው ያረጀ መቆለፊያ በሚሠራ ራውተር ብቻ ነው። ካርትሪጁን አዲስ በሆነ ስሪዲኤስ ላይ ማስገባት ይህን አይለውጠውም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ራውተር በአብዛኛው የሚጠቀመው ከዚያ የተሻለውን ደብሊውፒኤ 2 ወይም ከእርሱም በኋላ የመጣውን ስለሆነ፣ ለአንድ አሮጌ ጌም ሲባል የቤትን ኔትዎርክ ክፍት ማድረግ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማታለያ እንምጣ። «ሙሉ ይዘቱ ተከፍቷል» የሚለው አባባል አንዳንዴ እውነት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት በጊዜው ሁሉንም አውርዶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ድራጎን ክዌስት 9 በአንድ ካርትሪጅ ላይ ሴቭ የሚያደርገው አንድ የጉዞ መዝገብ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ቦታ የለውም። የተከፈቱት ተልእኮዎች፣ የሱቁ ዕቃዎች፣ በማደሪያው ያሉት እንግዶች ሁሉ የተመዘገቡት በዚያ ብቸኛ መዝገብ ውስጥ ነው። ጌሙን በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ በመረጣችሁት መልክ ከመጀመሪያው ለመጫወት የፈለጋችሁ እንደሆነ መዝገቡን ማጥፋት ግድ ይላችኋል፤ መዝገቡ ሲጠፋ ሦስት እጥፍ የከፈላችሁበት ነገር አብሮ ይጠፋል። ላለማጥፋት ከወሰናችሁ ደግሞ የምትጫወቱት የማታውቁት ሰው ስም ባወጣለት፣ ፊቱንና ጸጉሩን በመረጠለት፣ ታሪኩን በጨረሰ ጀግና ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። «184ቱንም ተልእኮ ጨርሻለሁ» ብሎ የሚኩራራ ሻጭ ለገዢው ያቀረበው ያለቀ ሥራ ነው። ተልእኮዎቹ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተፈጽመው የሚያልፉ በመሆናቸው፣ ዝርዝሩ ላይ የተሠሩ ሆነው ከሚታዩት መካከል ለአዲሱ ባለቤት የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው። ተከፍተው ሳይሠሩ የቆዩ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ጌሙን ቀድሞ ተጫውቶ የጨረሰና የኋለኛውን ታሪክ ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ካርትሪጅ በመጠነኛ ጭማሪ ቢገዛ አልቃወምም። እርሱም ቢሆን ከ121 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች የሚታዩበትን የስክሪን ፎቶ ሳያይ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ፎቶውን ለመላክ የሚያመነታ ሻጭ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ቁጠሩት።

ብርቅዬ ስለሚባሉት የሀብት ካርታዎች ጥቂት ልበል። በዚህ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ ካርታ ወደ አንድ ዋሻ ይመራል፤ በላዩም መጀመሪያ ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል። ዝነኛው ካርታ 15ኛው የምድር ቤት ወለሉ ሲሸነፍ ብዙ ልምድ በሚሰጠው ሜታል ኪንግ ስላይም በተባለ ጭራቅ ብቻ የተሞላው ሲሆን፣ በአንድ ተጫዋች ከተገኘ በኋላ በጃፓን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተቀዳ ለቁጥር የሚያዳግት ሕዝብ ዘንድ ደርሷል። በቶኪዮው አኪሃባራ ሰዎች ዲኤሳቸውን ከፍተው የሚሰበሰቡት በዋነኛነት ለዚህ ነበር። ካርታውን የሰጠ ሰው የራሱን አያጣም፤ ቅጂው ነው የሚሄደው። ማንም ሳይከፍልበት የተሠራጨን ነገር ዛሬ በዋጋ ላይ መደመር ለእኔ አሳፋሪ ነው፤ እርሱም ደግሞ የሚኖረው በዚያው በሚጠፋው መዝገብ ውስጥ ነው።

ካርታዎቹ የሚተላለፉበት መንገድ ታግ ሞድ ይባላል። ዲኤሱ ተከድኖ በኪስ ውስጥ እያለ፣ በአጠገቡ ያለፈ ሌላ ተጫዋች መሣሪያም በዚያው ሁኔታ ላይ ካለ፣ የሁለቱም ገጸ ባሕርያት አንዱ ወደሌላው ማደሪያ እንግዳ ሆነው ይሄዳሉ። እንግዳ በበዛ ቁጥር ማደሪያ ቤቱ እየሰፋ ይሄዳል። በ2009 ባቡር ጣቢያ መቆም ይበቃ የነበረው ዛሬ አይሠራም፤ ሌላ የጌሙን ባለቤት አፈላልጎ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ሞዱን ካልከፈታችሁ በስተቀር መሣሪያውን ይዞ መዞር ባትሪ መጨረስ ነው። ሻጩ ይህን አገልግሎት «በየመንገዱ ሰው ያገናኛል» ብሎ ከጻፈ፣ የጻፈው በ2009 ስለነበረ ዓለም ነው።

ፎርጅድ ካርትሪጆችም ገበያው ውስጥ ሞልተዋል። ሲነሡ ደህና ይመስላሉ፤ ከሰዓታት ጨዋታ በኋላ ቀጥ ይላሉ ወይም ሴቭ የተደረገውን ይበላሉ። የኦሪጅናሉ ስቲከር ሕትመት ጥርት ያለ ሲሆን በግርጌው በኤንቲአር (NTR) ፊደላት የሚጀምርና በአገር ምልክት የሚያልቅ ኮድ አለው። ያው ኮድ ሌላም ነገር ይነግራችኋል፤ መጨረሻው ጄፒኤን (JPN) ከሆነ ካርትሪጁ የጃፓን ነው። ዲኤስ ለዚህ ዓይነት ጌም የአገር ገደብ ስለሌለው የጃፓኑ ካርትሪጅ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ያለ ችግር ይነሣል፤ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጃፓንኛ ነው። የእንግሊዝኛ ሳጥን ውስጥ የጃፓን ካርትሪጅ ከትቶ መሸጥ ስላለ የሳጥኑን ሽፋን ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጌሙ ራሱ ምን ያህል ያወጣል ለሚል ሰው፣ በእኔ ግምት በተራው ዋጋ መግዛት አያስቆጭም። ሌቭል ፋይቭ የተባለው ኩባንያ ከአሳታሚው ስኩዌር ኤኒክስ ጋር ሆኖ የሠራው ይህ ጌም ከዋናዎቹ የድራጎን ክዌስት ተከታታዮች በመጀመሪያ በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ የተዘጋጀው ነው። በዲሴምበር 2006 ሲተዋወቅ ውጊያው በፍጥነት የሚካሄድ የድርጊት ጨዋታ ሆኖ ነበር የታየው፤ በኋላ ግን ተራ እየጠበቁ ትእዛዝ ወደ መስጠት ተመለሰ፣ ውሳኔውም ለጋራ ጨዋታው ጠቅሞታል፤ አራት ሰው እየተማከረ የሚዋጋበት ጊዜ ይኖራል። 12ቱን ሙያዎች እየቀያየሩ ማሳደግ፣ የለበሱት ልብስ ሁሉ በገጸ ባሕርዩ ላይ መታየቱ፣ ዕቃ ከዕቃ ቀላቅሎ አዲስ መሥራት፣ ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላም ማለቂያ የሌላቸው ዋሻዎች፤ እነዚህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት፣ ለብቻም ቢሆን ይሠራሉ። ጌሙ በኒንቴንዶ የዲጂታል ሱቅ ተሽጦ ስለማያውቅ ያገለገለ ካርትሪጅ መፈለግ ግድ መሆኑ እውነት ነው፤ በሰፊው የተሸጠ ጌም በመሆኑ ግን «ዳግም አይገኝም» የሚባል አይደለም። በጃፓን ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ካርትሪጁን ከነመሣሪያው አንድ ላይ የሚሸጡም አሉ። ዲኤስ ላይት የተባለው የዲኤስ ዓይነት መታጠፊያው ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይሰነጠቃል፤ መሣሪያው ተከፍቶ በጎን የተነሣ ፎቶ ጠይቁ።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ በቀድሞው ባለቤት መዝገብ ግቡና ጌሙ ውስጥ ባለ ቤተ ክርስቲያን ሴቭ አድርጉ፤ መሣሪያውን አጥፉና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሳችሁ ክፈቱት። መዝገቡ በቦታው ከተገኘ፣ ሁለተኛ ካርትሪጅ ካለው ሰው ጋር ገመድ አልባውን የጋራ ጨዋታ ሞክሩ፤ የተልእኮውንም ዝርዝር ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩና ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። የቀድሞውን መዝገብ የምታጠፉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ይሁን፤ አንዴ ካጠፋችሁት ሻጩ «የተከፈተውን ይዘት ያጠፋኸው አንተ ነህ» ብሎ ካርትሪጁን መልሶ ለመቀበል እምቢ የሚልበት ምክንያት ያገኛል።