ለቁልፍ ሠሪው ጋሼ ምስጋናዬ፤ የሞተር ዲስክ ቁልፍ ለምትጠቀሙም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ በአንዲት አርከበ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ በመሥራት ለሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ፣ እንደ እኔ በሞተር ሳይክል ሠርታችሁ ለምታድሩም እኚህን ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ያልጻፍኩት እርሳቸው ራሳቸው ስለከለከሉኝ ሲሆን፣ ምክንያታቸውን ከታች እገልጻለሁ። እኛ ደንበኞቻቸው የምንጠራቸው ጋሼ እያልን ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚንቀሳቀሰው በፈቃድ በመሆኑ፣ ፈቃድ አውጥቶ ዕቃና ሰነድ ለሚያደርስ ሰው ሞተሩ ቢሰረቅበት የሚያጣው የሞተሩን ዋጋ ብቻ አይደለም። ሌላ ገዝቶ፣ ሰሌዳ አውጥቶ፣ የፈቃዱን ጉዳይ እንደገና እስኪጨርስ ድረስ የቤቱ ገቢ ይቆማል። ስለዚህም ብዙዎቻችን ከመሪው ቁልፍ በተጨማሪ የዲስክ ቁልፍ እንይዛለን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የቁልፉ ፒን በፍሬን ዲስኩ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ውስጥ ያልፋል፣ ጎማው ሲዞርም የቁልፉ አካል ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ይዞ ዲስኩን ከሚጨብጠው ክፍል) ወይም ከፊት ሹካው ጋር ተጋጭቶ ሞተሩን ያቆመዋል። በኪስ የሚያዝ፣ ክብደቱም እንደ ሰንሰለት የማያሰለች በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከደጅ ደጅ ለሚዞር ሰው ይመቻል።

ባለፈው ነሐሴ ሜክሲኮ አካባቢ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ አድርሼ ስመለስ የዲስክ ቁልፌ መክፈቻ ገባ እንጂ አልዞር አለ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ሞተሩ ከመግቢያው አጠገብ የቆመ በመሆኑ የጥበቃ ሠራተኞቹ ቶሎ እንዳነሣው ይወተውቱኛል፣ ከመካከላቸው አንዱም መክፈቻውን በፒንሳ ይዞ ሊያዞርልኝ ፈለገ። በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ የመጣ ወጣት ደግሞ ቆርጦ ለማውጣት የግራይንደሩን ገመድ መዘርጋት ጀምሯል። ይህን ሁሉ ያስቆሙት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ያገናኘኝ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ማንም እንዳይነካው፤ አንተም መክፈቻውን አውጥተህ ኪስህ ክተት» ካሉኝ በኋላ ዋጋቸውን እዚያው በስልክ ነገሩኝ፤ ሥራው ሲያልቅም ከተናገሩት ላይ ሳንቲም አልጨመሩም። ስለ ግራይንደሩ በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ፍንጣሪው የፍሬኑን ቱቦና ጎማውን ሊያቃጥል፣ ሙቀቱም ዲስኩን ሊያጣምም ስለሚችል ቆርጦ ማውጣት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚደረግ ነገር ነው።

ሲደርሱ መጀመሪያ የነኩት ቁልፉን አልነበረም። ሊብሬዬንና መታወቂያዬን ጠየቁኝ። ከዚያም በመሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ ፊደልና አኃዙን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ሲያነቡ አንደኛው የጥበቃ ሠራተኛ በሊብሬው ላይ በጣቱ እየተከተለ «ትክክል ነው» እንዲል አደረጉ። የእኔ ቃልም ሆነ የባልደረባዬ ምስክርነት አልበቃቸውም። በዝናብና በጥድፊያ መካከል ይህ ሁሉ ለተመልካች መንዛዛት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የተዘጋን የሚከፍት እጅ ባለቤትንም ሌባንም እኩል ሊያገለግል ስለሚችል፣ በእኔ ግምት ታማኝ ቁልፍ ሠሪ የሚታወቀው ከጣቱ ጥበብ በፊት በዚህ ጥያቄው ነው። ስልካቸው በአደባባይ እንዳይለጠፍ የከለከሉትም ማንነቱን የማያውቁት ሰው በውድቅት ሌሊት እየደወለ «ይምጡና ይክፈቱልኝ» እንዳይላቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የመክፈቻውን ጫፍ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ጥቁር የሚያጣብቅ ዝቃጭ አሳዩኝ። በላቫጆ የሚረጨው ኃይለኛ ውሃ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ቀደም ሲል አንድ አጣቢ በቅንነት ያንጠባጠበልኝ የሞተር ዘይት ደግሞ የገባውን አቧራ ሁሉ ይዞ አጣብቆታል። ጋሼ ምንም ነገር ከመርጨታቸው በፊት ዲስኩንና ካሊፐሩን በፕላስቲክና በደረቅ ጨርቅ ሸፈኑ። ወደ ቁልፉ የሚረጭ ቅባት ዲስኩን ነክቶ ወደ ፍሬን ሸራው ከዘለቀ ቁልፉ ይከፈትና ፍሬኑ ይከዳል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ጥቂት ማጽጃ ወደ መክፈቻው ቀዳዳ አስገቡ፣ ጠበቁ፣ በእጅ በሚጨመቅ ትንሽ ጎማ አየር ነፉበት፣ መክፈቻውን ሳያዞሩ አስገብተው አወጡና ጠረጉት። ይህንኑ ደጋገሙት፤ በጨርቁ ላይ የሚታየው እድፍም ከጥቁር ወደ ግራጫ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ የቁልፉን አካል በካቻቪቴ እጀታ በቀስታ መታ መታ እያደረጉ መክፈቻውን በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው ብቻ ሲያዞሩት ፒኑ ተፈናጥሮ ወጣ። ፒንሳ ይዞ የቆመውን የጥበቃ ሠራተኛ ዞር ብለው አይተው «በሁለት ጣት እንቢ ያለ በፒንሳም እሺ አይልም፤ ይሰበራል እንጂ» አሉት።

ሞተሩን አስነሥቼ ለመሄድ ስዘጋጅ ደግሞ አስቆሙኝ። ዲስኩን በሁለቱም ገጽ ለፍሬን ማጽጃ በተሠራ ፈሳሽ ጠረጉት፣ የቀዳዳው ዳር መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ሞተሩን በእጃቸው እየገፉ የፊት ፍሬኑን ደጋግመው ያዙት። ቁልፍ ሠሪ ስለ ፍሬን የመጨነቅ ግዴታ የለበትም፤ እርሳቸው ግን ተጨነቁ።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ስለ አያያዙ የነገሩኝን ለእናንተም የሚጠቅመውን ያህል ላካፍል። የዲስክ ቁልፍን ዘወትር የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ማጠጣት ትክክል አይደለም፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ውሎ አድሮ ግን አቧራ ይሰበስባል። እንደ ደብሊው ዲ 40 ያለው ፈሳሽ እርጥበትን ለማስወጣትና ለማጽዳት ጥሩ ቢሆንም ቶሎ የሚተን በመሆኑ ብቻውን እንደ ማለስለሻ አይቆጠርም። ከጸዳና ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ጥቂት የግራፋይት ዱቄት ወይም ሲረጭ ደርቆ የሚቀር የቁልፍ ማለስለሻ ማስገባት ይበቃል፤ ግራፋይት ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ግን ተመልሶ ዝቃጭ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቁልፉ ከዲስኩ ወጥቶ፣ በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነው። የተረፈው ተጠርጎ፣ ፒኑም በደረቅ ጨርቅ ከታሸ በኋላ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የመክፈቻው ቀዳዳ መሸፈኛ ያለው ቁልፍ ከሆነ መሸፈኛው ሁልጊዜ ይዘጋ፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ የነካው ቁልፍ ታጥቦና ደርቆ እንጂ እንደረጠበ ቦርሳ ውስጥ አይክረም።

ስለ አቀማመጡ የሰጡኝ ምክርም ዋጋ አለው። ቁልፉ ከካሊፐሩ ሥር በጣም ተጠግቶ ቢገባ ጎማው ገና መዞር ሲጀምር ይያዛል፤ ራቅ ብሎ ከገባ ግን ጎማው ጉልበት አግኝቶ ይመታዋል፣ ጉዳቱም በዲስኩና በካሊፐሩ ላይ ይብሳል። የዲስክ ቁልፍ በባለቤቱ ላይ የሚያደርሰው ትልቁ አደጋ ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ረስቶ የሚነሣ ሰው ራሱ ይወድቃል፣ ዲስኩም ይጣመማል። ስለዚህ ከቁልፉ እስከ መሪው የሚዘረጋውን ደማቅ ቀለም ያለው የማስታወሻ ገመድ እንደ ጌጥ አትዩት። ጋሼ ለደንበኛ ቁልፍ ሲሸጡ ገመዱን ራሳቸው ካላሰሩ አይለቁም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን አዲስ ቁልፍ ሊሸጡልኝ ሲችሉ አለመሸጣቸው ነው። መደርደሪያቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ «ያንተው ገና ዓመታት ያገለግላል» ብለው መለሱኝ። ተጨማሪ መክፈቻ እንዲቀርጹልኝ ስጠይቅም ለዚያ ዓይነት የሚሆን ጥሬ ቁልፍ እንደሌላቸው፣ በግምት የተቀረጸ መክፈቻም የውስጡን ፒኖች እንደሚበላ ነግረው፣ ሲገዛ አብሮ በመጣው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ቤት አስቀምጬ በዚያ ከአምራቹ ማዘዝ እንደሚሻል መከሩኝ። አዲስ መግዛት ለሚፈልግ ደግሞ ከሁሉ በፊት የዲስኩን ቀዳዳ ይለካሉ። የፒን ውፍረት ከ5.5 ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ እስከ 10 እና 14 ስለሚደርስ፣ ወፍራሙ ጠንካራ ነው ተብሎ ቢገዛ በትንሽ ሞተር ዲስክ ላይ ላይገባ ይችላል። ሁለቱም ጎማው የከበሮ ፍሬን ለሆነ ሞተር ይህ ቁልፍ ጨርሶ እንደማይሆን ነግረው ባዶ እጁን ሲመልሱትም አይቻለሁ። አላርም ያለው ዓይነት ወደ 110 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ቢኖረውም ባትሪው ሲደክም ራሱ መጮኽ ወይም ዝም ማለት ስለሚያመጣ፣ ባትሪውን በጊዜ መቀየር ለማይሆንለት ሰው ባይገዛው ይሻለዋል ባይ ናቸው። በማንኛውም ዲስክ ቁልፍ ብቻ ተማምኖ ሞተር መንገድ ዳር ማሳደርንም አጥብቀው ይቃወማሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሞተሩን ከነቁልፉ አንሥቶ አይሱዙ ላይ ለመጫን ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ለሌሊት ሰንሰለትና የማይነቀል ምሰሶ ያስፈልጋል።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ጋሼ ፈጣን አይደሉም፣ ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም፣ እሑድና በበዓላት ቀን አይሠሩም፣ ወሬም ይወዳሉ። የሚቸኩል ሰው ሊበሳጭባቸው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ያለበትን አላርም ከባትሪ ቅያሬ በስተቀር አይነኩም። ለድርጅት የሚሆን የማሽን ደረሰኝም የላቸውም፤ የሚሰጡት በእጅ የተጻፈ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማንነታችሁን ካወቅሁ በኋላ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉላቸው ቁልፉ በየትኛው ጎማ ላይ እንዳለና መክፈቻው ውስጥ ተሰብሮ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚይዙት መሣሪያ በዚያ ይለያያል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም የሆነባችሁ ደግሞ ውክልናውን ወይም የሽያጭ ውሉን ይዛችሁ ጠብቋቸው፤ ያለዚያ የመጡበትን የትራንስፖርት ሒሳብ ብቻ ተቀብለው ይመለሳሉ።