የቀድሞ ወታደሮችን ስለ መኖሪያቸው መጠየቅ፦ ሁሉንም ወይስ ቤት የላቸውም ተብሎ የሚያጠራጥሩትን?

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታካሚዎቻቸውን ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። ባለፉት 2 ወራት የተረጋጋ መኖሪያ ነበረዎት? በሚቀጥሉት 2 ወራትስ ቤት አጣለሁ ብለው ይሰጋሉ?

ሁሉንም መጠየቅ፦ ነርሶች ላይ ሥራ ይጨምራል። ግን ንጹሕ ለብሶ የሚመጣውን፣ ዘመድ ሳሎን የሚያድረውን ሰው ለማግኘት ይረዳል። ሁሉም ስለሚጠየቅ ማንም ተለይቶ አያፍርም። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሰውየው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ለመድረስ ዕድል ይሰጣል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

የሚያጠራጥሩትን ብቻ፦ ፈጣን ነው። ግን በመልክ መገመት ይሆናል፤ መኪናው ውስጥ የሚያድረው ያመልጣል።

በመደበኛ ክሊኒክ ሁሉንም መጠየቅ ይሻላል። ድንገተኛ ክፍል ሲጨናነቅ ግን ቢያንስ የሚመላለሱትን ማስቀደም ያስኬዳል። በሁለቱም መንገድ «እሰጋለሁ» ያለ ሰው በዚያው ቀን ሶሻል ወርከር (በማኅበራዊ ችግሮች የሚረዳ ባለሙያ) ማግኘት አለበት።