ለላፕቶፕ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ቺፕ የትኛው ቴርማል ፔስት ይሻላል?

አንድ ላፕቶፕ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በቀላል ሥራ እንኳ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፤ ከባድ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋና ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራው በሚገባ ተጠርጎም ሙቀቱ ካልወረደ፣ መታየት ያለበት በቺፖቹና ሙቀታቸውን ተቀብሎ በሚያስወጣው መዳብ (ሂት ሲንክ) መካከል ያለው ስስ ቅባት፣ ማለትም ቴርማል ፔስቱ ነው። ሁለቱ ገጾች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች አሉ፤ እነዚህን ክፍተቶች ፔስት ካልሞላቸው ሙቀት በማስተላለፍ እጅግ ደካማ የሆነው አየር ይሞላቸዋል።

ብዙ ገዢዎች በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ማስተላለፍ ቁጥር አይተው ይመርጣሉ። እኔ ግን ለላፕቶፕ ከቁጥሩ ይልቅ ፔስቱ በቦታው መቆየቱ ይቀድማል ባይ ነኝ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ የብረት ክዳን ሲኖረው፣ የላፕቶፕ ቺፕ ግን ያለ ክዳን በቀጥታ ከሂት ሲንኩ ጋር ይገናኛል፤ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥርም ፔስቱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ዳር ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት በጣም ያስደሰተ ፔስት ከወራት በኋላ ሙቀቱን ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ቴርማል ግሪዝሊ የተባለው አምራች ክራዮናት ፔስት ነው። የሙቀት ማስተላለፍ ቁጥሩ (ከፍ ባለ ቁጥር የተሻለ ነው) 12.5 ዋት በሜትር በኬልቪን ቢሆንም፣ አምራቹ ራሱ እንዳይደርቅ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ነው፤ ይህን መጠን ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች በየቀኑ ያልፉታል። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 እና ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች2 የተባሉት ፔስቶች ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉና ለጀማሪ የማያስቸግሩ ናቸው፤ ኤንቲ-ኤች2 ከማጽጃ ጨርቅ ጋር ይመጣል። ሆኖም ክዳን በሌለው ቺፕ ላይ በየጊዜው መቀየራቸውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

እኔ የማስቀድመው የሃኒዌል ፒቲኤም7950ን ነው። ይህ በቱቦ የሚመጣ ፔስት ሳይሆን በቺፑ ልክ በመቀስ የሚቆረጥ ስስ ሉህ ነው። ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል፤ እንደ ቀጭን ፔስትም በቀላሉ ወደ ዳር አይገፋም። የሉሁ መከላከያ ሽፋን አልላቀቅ ካለ ሉሁን ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይጠቅማል። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ደጋግሞ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ልኬት ሊፈረድበት አይገባም። ችግሩ አስመስለው የሚሠሩት መብዛታቸው ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ ሲሆን መጠራጠር ይገባል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ከታወቀ ሻጭ ቢያስመጣ ቀላል ስለሆነ ለማምጣት አያስቸግርም።

በፔስት ምትክ የሚቀባውን ፈሳሽ ብረት፣ ለምሳሌ 73 ዋት በሜትር በኬልቪን የተጻፈበትን ኮንዳክቶናት፣ ቤቱ ላፕቶፕ ለሚከፍት ሰው አልመክርም። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ማዘርቦርዱን ልታበላሽ ትችላለች፤ በውስጡ ያለው ጋሊየም ደግሞ አሉሚኒየምን ያፈርሳል። ፋብሪካዎች ሲጠቀሙበት እንዳይፈስ ዙሪያውን ይከልላሉ፤ የላፕቶፕ አምራቹ ፍሬምወርክ እንኳ 16 ኢንች ላፕቶፑን በፈሳሽ ብረት ጀምሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ፒቲኤም7950 ቀይሯል።

አዲስ አበባ ለሚኖር ገዢ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ፣ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካን ውጤት እዚህ በትክክል መጠበቅ አይቻልም።

የትኛውም ቢመረጥ በቅድሚያ ባትሪው ይነቀል፤ አሮጌው ፔስት ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጽዳ። ግሊሰሪን ያለበት የእጅ ሳኒታይዘር ቅሪት ስለሚተው አይተካውም። ፔስት ሲቀባ የቺፑ ጥግ ሳይቀር መሸፈን አለበት። በግራፊክስ ሜሞሪው ላይ ያሉት ወፍራም ፓዶች (ሙቀት የሚያስተላልፉ ለስላሳ ንጣፎች) ግን ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ፓድ እንጂ በተራ ፔስት አይተኩም፤ ፔስት ክፍተቱን ስለማይደርስበት ሜሞሪው ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራል።