የማርቆሱ የቮልስ ኤሌክትሪሺያን እና ሣጥናቸው

ምስጋናችን ደብረ ማርቆስ ላሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ቮልስ ይዞ አዲስ አበባ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሁሉ ግን ጥቆማው ይድረስ። አሮጌ መኪና የሚጠግን ሞልቷል፤ እሳቸው ጠግነው ሲጨርሱ ለመንገድ የሚሆን የመለዋወጫ ሣጥን አሰናድተው ይሸኛሉ። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ያልተሞከረ ዕቃ አይገባም።

አዲስ ፑንቲና (ለካንዴላው እሳት መብራቱን የሚቆርጥና የሚቀጥል መገናኛ) እና አጋዡን ኮንደንሰር ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ መኪናው ላይ ይገጥሙታል፣ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያደርጉታል፣ ሞተሩ በደንብ እስኪግል ያሠሩታል። ከዚያ ፈትተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፤ የነበረው ወደ ቦታው ይመለሳል። ድካም ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ኮንደንሰር ከካርቶኑ ሲወጣም የተበላሸ ሊሆን ይችላል። የታመመ ኮንደንሰር ሲበርድ ይሠራል፣ ሲግል ሞተሩ ይንተባተባል፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁት ስትመለሱ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ቦቢናም (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው) ያው ጠባይ አለው። ይህ ጠባይ ደግሞ የሚወጣው ዓባይ በረሃ ላይ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዚያ ሙቀት።

ፑንቲናው ላይ ካሙን (እየዞረ የሚከፍተውን ዘንግ) የምትነካዋን ተረከዝ የክብሪት ጫፍ በምታህል ግሪስ ይቀቧታል። ደረቅ ከሆነች ትበላለች፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱ ይዘገያል፤ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ይግላል። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ካርቡራተር ሲፈታታ ይውላል!

ከሣጥኑ ዕቃ ሁሉ የምንወደው ከአሮጌ ፍሬቻ አምፖል የሠሯትን መፈተሻ ነው፦ ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ ሁለት ሽቦ፣ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ ይነክሳል። ሌላው መጀመሪያ ቦቢናው ላይ 15 የሚል ቁጥር ያለበት ጫፍ ላይ ይሆናል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራ መብራት አልመጣም ማለት ነው። ከበራ ወደ 1 ቁጥር ይዛወርና ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይመታል። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየሠራ ነው። በርቶ ከቀረ ፑንቲናው አይዘጋም ወይም ቆሽሿል። ጭራሽ ካልበራ ፑንቲናው አልከፈተም፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል፣ አለዚያም የቦቢናው ሽቦ ተበጥሷል።

15 ላይ መብራት ከጠፋ ፊውዝ ስትቀያይሩ አትዋሉ፤ ቮልስ ላይ የቦቢናው መስመር በፊውዝ አያልፍም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማስነሻ ቁልፉ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ለዚህ ሲሉ መሐሉ ላይ ፊውዝ ያለው 3 ሜትር ሽቦ ያስቀምጣሉ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ 15 ላይ ይገባል፣ መኪናው ጋራዥ ያደርሳችኋል። ሞተሩን ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል ነው፤ ቁልፉ አያጠፋውም።

የቀረው ዕቃ ይህን ይመስላል፦ 6 ነጭ ባለ 8 አምፔር እና 4 ቀይ ባለ 16 አምፔር የሸክላ ፊውዝ፣ የተሞከረ ቦቢና፣ ካፕ እና ሮተር፣ 2 ካንዴላ፣ የዲናሞ ካርቦን 2፣ የጊርቦክሱ ማሳ ገመድ (ጊርቦክሱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው) 1፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ 3 ሜትር፣ ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10፣ 13 እና 21 ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ። የማሳ ገመዱን ሰው ይንቀዋል። እሱ ሲዝግ ሞተሪኖው ይደክማል፣ ባትሪው ያለ ጥፋቱ ይታማል።

በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ወረቀት መጠቅለል እሳቸው ጋ ነውር ነው። ፊውዙ ያልተቃጠለ እንደሆነ የሚቃጠለው ሽቦው ነዋ! ሁለቱ ጫፎቹ ዝገው ከሆነ በጣት ማሽከርከር ብቻ አንዳንዴ ይበቃል።

ቺንጋ (የፋን ቀበቶ) ግን ሁለት ነው የሚይዙት፣ ሁለቱም በመኪናችሁ ፑሌጃ፣ ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ፣ ልክ የታዩ። የቮልስ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያበርደውን ፋን ጭምር ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ ቀዩ የዲናሞ መብራት ድንገት ከበራ እስከ ሚቀጥለው ከተማ ልሂድ አይባልም፣ እዚያው ይቆማል። ለመቀየር የፑሌጃው ጥርስ ውስጥ ካቻቢቴ ታስገቡና በዲናሞው ብሎን ታስደግፉታላችሁ፣ ነቱን በ21 ትፈታላችሁ። ቺንጋው ከላላ ከፑሌጃው ሁለት ግማሾች መሐል አንድ ቀጭን ሮንዴላ አውጥታችሁ ከውጭ፣ ከነቱ ስር ታደርጋላችሁ። የወጣው አይጣል፤ ቺንጋው ሲቀየር ይፈለጋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከጎበጠ ልክ ነው።

ሳይጠየቁ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ባትሪው የኋላ ወንበር ስር ስለሆነ፣ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ፖዘቲቩን ይነካና እሳት ያስነሳል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጠው ይሸፍኑታል፤ አያስከፍሉበትም።

ጉድለት ይነገር ከተባለ ቀስ ይላሉ፣ ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ እሑድ እና በወር በዓላት፣ በ12 እና በ21፣ አይሠሩም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን።

ለመሄድ ያሰበ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እናገናኛለን። አሮጌውን ቺንጋ እና ፑንቲና ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናው ባለ 6 ቮልት ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አምፖሉም ቦቢናውም ይለያል። ግማሽ ቀን ያዙ።